ሦስተኛው እምቢታ

ሰው እምቢ ለማለት ስንት ጊዜ እምቢ ማለት አለበት?

ይህን የጠየቀችኝ የልጅ ልጄ ማኅቶት ናት፤ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች። "ሻይሽ ቀዘቀዘ" አልኳት። ሻዩ ገና እየጨሰ ነበር።

ደብዳቤው የደረሰው እሁድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው አግባቢ፣ የሰውን ንግግር እየሰማ ምን ማለቱ እንደሆነ የሚተረጉመው መሣሪያ፣ በዚያ በማይቸኩል ድምፁ አነበበልን። "ወይዘሪት ማኅቶት፣ በቁጥር ሰባት የጨው ጣቢያ ለሰባት ዓመት ለማገልገል ስለተስማሙ ድርጅቱ ምስጋናውን ያቀርባል። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ከደጅዎ ይወስድዎታል።"

ማኅቶት አልተስማማችም። ሦስት ጊዜ ጠይቀዋት ሦስት ጊዜ እምቢ ብላለች፤ ሦስቱንም እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ "አልፈልግም" አለች። በሁለተኛው "ደረቴ አይችለውም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያፍነኛል" አለች። በሦስተኛው "ነገርኳችሁ እኮ፣ አልሄድም" አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ እንዳሳደግኋት።

ቁጥር ሰባትን የማያውቅ በመንደራችን የለም። ከኛ መንገድ ብቻ ሦስት ልጆች ሄደዋል። አንዱ ተመልሷል፤ ፎቁን ሲወጣ በየአራት ደረጃው እየተቀመጠ ነው። ሁለቱ አልተመለሱም። ማኅቶት ደግሞ ጎረቤት ምንጣፍ ሲያራግፍ እንኳ ከንፈሯ የሚጠቁር ልጅ ናት። ስንቱን ክረምት ጀርባዋን እያሸሁ፣ ትንፋሿን እየቆጠርኩ አሳለፍኩ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በከተማው ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ውሃ ትመረምራለች፣ ደመወዝተኛ ናት፤ እኔ ግን ዛሬም ስታስል ከእንቅልፌ እነሳለሁ።

የዛሬ ልጆች አግባቢ ያልነበረበት ዘመን ያለ አይመስላቸውም። ከተማችን ገናሌ ዳር ስትቆረቆር ሰው ከየአቅጣጫው መጣባት፤ ከሁሉም ወረዳ። አንዱ ሲጫወት ሌላው ተሰደብኩ ይላል። አንዱ ዝም ሲል ሌላው ተናቅሁ ይላል። ዓይን ዓይኑን ያየው ሰው አለቃ ይሆንበታል፣ ዓይኑን የሰበረው ሌባ ይባላል። በገበያ ይደባደቡ ነበር፤ በሥራ ቦታ ይካሰሱ ነበር። ከዚያ የመግባቢያ ቢሮ ተቋቋመና ለእያንዳንዱ ሰው መደብ ተሰጠው፤ አነጋገሩ እንዴት እንደሚነበብ የሚናገር መደብ። መደቡ የሚወሰነው ባሳደገው ሰው የትውልድ ወረዳ ነው። ድብድቡ ቀረ። ይህን መካድ አልችልም። ቀረ።

እኔ መደብ ዐሥራ አራት ነኝ። ማኅቶትም እዚሁ ተወልዳ፣ የኔን ወረዳ በሥዕል እንኳ ሳታይ፣ መደብ ዐሥራ አራት ናት፤ እናቷ በሦስት ዓመቷ ስለሞተችባት ያሳደግኋት እኔ ነኝና።

መደብ ዐሥራ አራት መሆን ማለት እንዲህ ነው። ቲማቲም ስገዛ "ይበቃኛል" እላለሁ። ለሻጩ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው አግባቢ አንድ ነገር ያንሾካሹክለታል፤ ይጨምርልኛል። "ኧረ በቃኝ" እላለሁ። ይጨምራል። በሦስተኛው "በማርያም!" ብዬ ስምል ያኔ እጁን ይሰበስባል። ለአንድ ከረጢት ቲማቲም በየሳምንቱ እምላለሁ። የንስሐ አባቴ መስማት ሰልችቷቸው አሁን አሁን ሳልጨርስ "ይፍታሽ" ይሉኛል። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ወንበር ይለቁልኛል። "ተዉ፣ መቆም ይሻለኛል" እላለሁ። የኔ ጉልበት ስቀመጥ ነው የሚያመኝ። ተሳፋሪው ሁሉ በአግባቢው ተነግሮት ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል፤ መጨረሻ ላይ እቀመጣለሁ። ሃያ ዓመት ሆነኝ እንዲህ ስቀመጥ።

ሁሉም የራሱ አለው። ከጎናችን ያለው ጋሼ መልኬ መደብ ዘጠኝ ነው። የመደብ ዘጠኝ ሰው ድምፁን ያጎላል ተብሎ ተጽፏል። እኔ የማውቀው ጋሼ መልኬ ግን በር ሲያንኳኳ እንኳ በጥፍሩ ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ከደጃፉ ሆኖ "ራሴን! ሰው ያለህ!" ብሎ ጮኸ። የደረጃው አግባቢ ሰማው፤ በመደቡ ልክ ቀነሰውና "ሞቅ ያለ ጨዋታ" ብሎ መዘገበው። እኔ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ባልሮጥ ኖሮ አሁን የለም። ዛሬ ግራ ፊቱ ወርዶ ቀርቷል። "እትዬ ትርንጎ" ይለኛል በቀኝ በኩል እየሳቀ፣ "ስልሳ ዓመት በሹክሹክታ ኖሬ፣ የጮህኩ ዕለት ጨፈረ ተባልኩ።"

እሱ ይስቃል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አግባቢውን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ሰኞ ማታ ማኅቶት ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ግድግዳው ፊት ቆመች።

"ስህተት ነው" አለችው። "እምቢ ነው ያልኩት። እምቢ!"

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጮህ የሰማኋት ያን ቀን ነው። አግባቢው "ስንብት ከባድ መሆኑን እንረዳለን" አላት።

"ምን ስንብት? እየተሰናበትኩ ነው እንዴ?"

"ከስምምነት ደብዳቤ በኋላ የሚሰማ ለቅሶ፣ ቁጣና 'አልሄድም' ማለት በመደብዎ የስንብት ወግ ነው። ቤተሰብዎም ይበርቱ።"

ማኅቶት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ደርቋል፤ ያ ነው የሚያስፈራኝ። እንዲህ ዓይኗ ሲደርቅ እናቷን ትመስላለች።

"እምዬ፣ በናንተ አገር ሰው እንዴት ነው እምቢ የሚለው? አሳዪኝ። እንደዚያው ልበላቸው።"

"እኔ ምን አውቄ! ስንት ዘመኑ፤ ረሳሁት።"

አልረሳሁም።

ረቡዕ ዕለት የመግባቢያ ቢሮ ሄድኩ። ለማኅቶት አልነገርኳትም። የክት ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ደረብኩ፤ እንደ ሰው ሄጄ እንደ ሰው ባስረዳ የሚሰሙኝ መሰለኝ። በመስኮቱ ያገኘሁት ፍራኦል የሚባል ቀጭን ወጣት ነው፣ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ቀልቷል።

"ይቀመጡ እማማ። ምን ልርዳዎት?"

"እንደምን አለህ የኔ ልጅ? ጉንፋን ነው? ዝንጅብል ይዘሃል? እናትህ ደህና ናቸው?"

ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰሌዳ በርቶ ለሱ የሚያሳየው ለኔም ተገልብጦ ይታየኛል። "መግቢያ ነው" ይላል። "ወደ ጉዳዩ ለመድረስ የሚቀረው፦ አራት ደቂቃ።" ከሥር ሰከንዱ ይቆጥራል። ልጁ እጆቹን አጣጥፎ ቁጭ አለ። የጠየቅሁት ግን ከልቤ ነበር፤ አፍንጫው ያሳዝናል። ሰከንዱ ሲቆጥር እያየሁ ስለ እናቱ መጠየቅ አቃተኝ። ሰሌዳው "ሦስት ደቂቃ" አለ። ዝም ብለን ተያይተን ጨረስነው።

"አሁን ይናገሩ" አለ ፍራኦል።

"የልጅ ልጄን ወደ ጨው ጣቢያ ልትወስዷት ነው። እሷ አልተስማማችም። ሦስት ጊዜ እምቢ ስትል አጠገቧ ነበርኩ።"

ሰሌዳው አንድ መስመር ጻፈ፤ "የአያት ስስት።"

"ስስት አይደለም!"

"ገብቶኛል እማማ" አለ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ሳየው የልጅቷ ቃል ግልጽ ነው። ግን የኔ ማየት አይመዘገብም። እኔ መደብ ሦስት ነኝ፤ እኔ አዘንኩ ብል እንኳ 'ሠራተኛው ሰዓቱን እያየ ነው' ነው የሚልልዎ።" ከዚያ ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብሎ አነበበና ፊቱ በራ። "አንድ መንገድ አለ። አሳዳጊ ሊመሰክር ይችላል። የምጠይቅዎ አንድ ጥያቄ ነው። በመልስዎ ማኅቶት የመደቧ ጠባይ የላትም ካሉ፣ ቃሏ እንደወረደ ይወሰዳል። እምቢ ካለች እምቢ ነው። ያኔ ደብዳቤው ይሰረዛል። ይኸው ነው።"

"እመሰክራለሁ" አልኩ።

ፍራኦል ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ዳኛ ቀና አለ። "ማኅቶት የመደብ ዐሥራ አራት ጠባይ አላት ወይ? ይኸውም፦ ይሉኝታ ታውቃለች፣ ታላቅ ታከብራለች፣ ሰው ፊት ሰው አታሳፍርም፣ ለራሷ ብላ ሌላውን አታስቀይምም።"

እንግዲህ በዚህ መቼም ራሴን ይቅር አልልም። የሚጠበቅብኝ "የላትም" ማለት ነበር። አንድ ቃል። ግን በማላውቀው ሰው ፊት፣ በመዝገብ፣ ያሳደግኋት ልጅ ይሉኝታ የላትም፣ ታላቅ አታከብርም ልበል? አፌ ከኔ ቀድሞ ሄደ።

"ኧረ እሷ! እንዲያውም እንደሷ ያለ ጨዋ ልጅ የት ይገኛል? ጎረቤት ይመስክር! ጋሼ መልኬን ማን ነው ጠዋት ጠዋት ፊቱን የሚላጨው? ሰው ፊት ቀና ብላ አታይም፣ የሰው ነገር አትመልስም፣ ታዛዥ..."

የፍራኦል ዓይን ወደ ሰሌዳው ሄደ። የኔም ሄደ። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኗል። "በአሳዳጊ ምስክርነት ጸንቷል።"

"እማማ" አለ ልጁ።

"ቆይ! ቆይ እንጂ! ባለጌ ናት!" ተነሥቼ መስታወቱን ያዝኩት። "ይሉኝታ ቢስ ናት! ስድ! ሰው ታመናጭቃለች፣ እኔን ራሴን ትሰድበኛለች!"

ሰሌዳው ጻፈ፤ "ትሕትና። የመደብ ዐሥራ አራት ሰው በልጁ ሲኮራ በሰው ፊት ዝቅ አድርጎ ይናገራል።" አረንጓዴው ጨመረ።

ተቀመጥኩ። ጉልበቴን አመመኝ። ፍራኦል ከጠረጴዛው ሥር የውሃ ጠርሙስ አውጥቶ ሰጠኝና፣ ከደንቡ ውጭ ሳይሆን አልቀረም፣ ሰሌዳውን ወደ እኔ አዞረው።

"ሙሉው መመሪያ ይኸው። ያንብቡት። ምናልባት እኔ ያላየሁትን ያያሉ።"

እስከ ስምንተኛ ተምሬያለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። "በመደቡ የመጀመሪያው እምቢታ ለወግ ነው። ሁለተኛው በሕመም ይመካኛል፤ ሕመሙ የለም። ሦስተኛው በመሐላ ካልታሰረ ልባቸው ወዷል ማለት ነው።" ወረድኩ። "ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ 'አትቸገሩ' ይላሉ።" ይህን ሳነብ የአገሬ ልጅ የደብሬ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ።

ከገጹ ግርጌ በትንሹ ተጽፏል፤ "ምንጭ፦ አራት ሴቶች፣ አንድ ከሰዓት በኋላ።"

"ይገርማል አይደል?" አለ ፍራኦል። "ሴቶቹ ያልነገሯቸው ነገር የለም። ለሌሎቹ መደቦች አንዳንድ ክፍተት ይገኛል። አግባቢው ንባብ ሲያጣ ፋይሉ ይታገድና ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ባለጉዳዩን በጆሯቸው ይሰሙታል። ወራት ይፈጃል፣ ግን ይሰሙታል። የናንተው ግን ጢም ያለ ነው። ዝም ካለች ተስማምታለች። ካለቀሰች ትሰናበታለች። ከሮጠች አፍራለች። ታላቅ ከመረቃትማ ጉዳዩ አለቀ።"

ጣቱ እያለፈ ሲወርድ አንድ መስመር ዓይኔን ያዘው። "ሳይሰናበት ከቤት መውጣት፦" ይልና ከፊቱ "በመደቡ የለም" ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለውም። ፍራኦል አላስተዋለውም። እኔም አላሳየሁትም። ልጁን መርቄ ልነሣ ስል ሰሌዳው "መውጫ፦ ስድስት ደቂቃ" ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ ምርቃቴን ቆርጬ ወጣሁ።

ሐሙስ ማኅቶት ሥራ አልሄደችም፤ ስሟን ከመዝገቡ አውጥተውታል። ረፋድ ላይ ጣራ ላይ ልብስ ልናወርድ ወጣን። እዚያ ነፋሱ ስለሚጮህ አግባቢ አልተሰቀለም። አንሶላውን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በሌላው እኔ ይዘን ስናጥፍ ነገርኳት። የቢሮውን ሁሉ ነገርኳት፤ ማመስገኔን፣ መስደቤን፣ ሁለቱም እኩል መሆናቸውን።

"ጨዋ ናት አልሽ" አለች።

"አልኩ።"

"አንድ ቀን ባለጌ ናት ብትዪኝ ምን ነበረበት፣ እምዬ?" ሳቅ ይመስላል፣ ሳቅ ግን አይደለም።

"ሌላም አለ" አልኩ።

አንሶላውን አጥፈን አስቀመጥን። ሌላ አነሣን።

ወረዳችን ተራራው ተንዶባት እዚህ በመጣን በሁለተኛው ዓመት አንዲት ልጅ እግር መጠለያው ድረስ መጣች፤ ከመግባቢያ ቢሮ። ልትጠይቀን ነው የመጣችው። አራት ሴቶች ነበርን፤ ደብሬ፣ እኔ፣ ሁለት እህትማማቾች። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ስለ አገራችን ጠይቆን አያውቅም ነበር። ልጅቷ ደክሟታል፣ ፀሐይ መትቷታል፣ ፊቷ ጠቁሯል። በእጃችን የምናቀርብላት አልነበረንም። ስለዚህ አጫወትናት። ደብሬ ቤት ሲቃጠል እንኳ 'አትቸገሩ' እንደምንል ነገረቻት። አንዷ ስታስቃት ሌላዋ ትብሳለች። የልጅቷ ፊት እየተፈታ ሄደ፤ እኛም ደስ አለን፣ እንግዳ ተቀበልን አልን። አንዳንዱ እውነት ነበር፣ አንዳንዱ ለጨዋታ ነው። እሷ ሁሉንም ትጽፋለች።

"እና አንቺ?" አለች ማኅቶት። "አንቺ ምን አልሻት?"

"'በናንተ አገር ሰው እምቢ ሲል እንዴት ነው?' አለችን። እኔ ነኝ የመለስኩት። 'እኛ ዘንድ እምቢታ ሦስት ጊዜ ነው' አልኳት። 'የመጀመሪያው ለወግ፣ ሁለተኛው አሞኛል፣ ሦስተኛው ላይ ልቧ ወዷል። እኔ ራሴ ባሌን ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬ አይደል የተዳርኩት!' ሳቅን። ደብሬ እስክታነባ ሳቀች።"

ማኅቶት የያዘችውን የአንሶላ ጫፍ አልለቀቀችም። በነፋሱ መሐላችን ይውለበለባል፤ ፊቷ አንዴ ይታየኛል፣ አንዴ ይጋረዳል።

"ያኔ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ፣ እምቢ ስትዪ ምን ማለትሽ ነበር?"

ይህን በሰባ አራት ዓመቴ የጠየቀኝ ሰው የለም። እናቴ አልጠየቀችኝም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረው፣ አብረን ሠላሳ ዓመት ኖረን አልጠየቀኝም።

"እምቢ" አልኩ።

"ሦስቱንም?"

"ሦስቱንም። ለእናቴም ሆዴን ያመኛል አልኳት፤ ያመኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሳቅሽ? ለዚያች ልጅ ለምን እየሳቅሽ ነገርሻት?"

"እንግዳ ናት። እንግዳ ፊቷ ጠቁሮ አይሸኝም።"

አንሶላውን ስባ ለብቻዋ አጠፈችው። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሲጨንቀኝ እለፈልፋለሁ። መመሪያውን በሙሉ ነገርኳት። ሦስቱ ሰዎች ተቀምጠው በጆሯቸው የሚሰሙት መቼ እንደሆነ፣ የኛ ክፍተት እንደሌለው፣ ስለ ዝምታው፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ምርቃቱ። ያችን አንዷን መስመርም ነገርኳት። ልጅቷ "ሳይሰናበት የሚወጣ ሰውስ?" ብላ ስትጠይቀን አራታችንም አማተብን፤ "ወግጂ! ሳይሰናበት የሚወጣማ ሰውም አይደል!" አልናት። ምክር አድርጌ አልነገርኳትም። ወይም ይሆናል፤ እኔም አላውቀውም። ከሌላው ጋር ተግተልትሎ ከአፌ ወጣ።

ማኅቶት መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ቅርጫት ውስጥ ጣለች።

"ልብሱ ደርቋል" አለች።

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ራት አቀረብኩ፣ በላች፤ ሳህኗን አጠበች። "ተቀየምሽኝ?" አልኳት። ሳህኑን አደረቀች። አግባቢው ከግድግዳው ላይ "ወይዘሪት ማኅቶት በተረጋጋ ስምምነት ላይ ናቸው" አለኝ፤ ያልጠየቅሁትን።

ዓርብ ጠዋት ሻንጣ አዘጋጀሁላት። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም፤ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ማር በጠርሙስ፣ ጤና አዳም በወረቀት፣ ሁለት ሻሽ ለአቧራው። ከዚያ ሻሾቹን መልሼ አወጣሁ። ከዚያ መልሼ ከተትኩ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። ሾፌሩ ትልቅ ሰው ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል። "እንደምን አደሩ እናቴ" አለኝ። በሩን ከፍቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ ቢጫ መብራት በራ።

"መኪናው ደርሷል" አለ አግባቢው። "ስንብት መጀመር ይችላሉ።"

ማኅቶት ከጓዳ ወጣች። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ትንሿን የትከሻ ቦርሳዋን ይዛለች። ሻንጣውን አየችው፤ አላነሣችውም። እኔ ካለሁበት ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ሰኞው፣ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

ምርቃቱ አፌ ድረስ መጣ። ከልጅነቷ ጀምሮ ለዳቦ እንኳ ስትወጣ ሳልመርቃት ለቅቄያት አላውቅም። አውሬውን ከፊትሽ ያርቅልሽ፣ መንገዱን የጨርቅ ያድርግልሽ፣ ሂጂ የኔ እናት፣ በሰላም ግቢ። ሁሉም ምላሴ ላይ ተደርድሮ ቆሟል። ታላቅ ከመረቃት ጉዳዩ አለቀ ብሏል ልጁ። ነጠላዬን ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ጎረስኩት። ሾፌሩ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ዓይኑን ወደ ባርኔጣው መለሰ።

"ስንብት እየተጠበቀ ነው" አለ አግባቢው።

ማኅቶት ተነሣች። አላየችኝም። ትየኝ ብዬ ለመንኩ በሆዴ፤ ደግሞ አትየኝ ብዬ ለመንኩ፤ ማየትም የሆነ ቦታ ተጽፎ እንደሆነ ትዝ አልለኝም፤ ደብሬ ስለ ዓይን የሆነ ነገር ብላ ነበር። እጄ ሳላዝዘው ወደ ቀሚሷ ጫፍ ተዘረጋ፤ መልሼ ጭኔ ሥር ሸጎጥኩት።

በሾፌሩ አጠገብ አለፈች። "ወይዘሪት፣ ሻንጣዎን..." አለ። በተከፈተው በር እስከ ደረጃው፣ በደረጃው መስኮት ደግሞ እስከ መንገዱ ይታየኛል። መኪናው በቀኝ በኩል ቆሟል። እሷ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ሳትሮጥ፣ ሥራ እንደሚሄድ ሰው። የሾፌሩ አንገት ላይ ያለው አግባቢ አንድ ጊዜ ጢጥ ብሎ ጸጥ አለ። የኛም ቢጫ መብራት ጠፍቶ ነጭ ሆነ። "ንባብ የለም፤ ካልተገኘ ፋይሉ ይታገዳል" አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ለኔ፣ "የመደብ ዐሥራ አራት እናት፣ ወይዘሪት ማኅቶት ምን ማለታቸው ነው?"

በክፍተቷ መውጣቷ ይሁን፣ እኔን እስከ ወዲያኛው መቀየሟ ይሁን፣ ወይም ሁለቱም፣ አላወቅሁም። ለዚያች ልጅ እግር ከመለስኩላት ወዲህ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስለ ሁሉም ሰው መልስ ነበረኝ። ነጠላውን ከአፌ አላወጣሁም። የማኅቶት ጀርባ ከጋሼ መልኬ መስኮት ሥር አለፈ፣ ከቲማቲም ሻጩ አለፈ፤ ማዕዘኑ ላይ ደረሰ፤ አንድ ቃል ሳትናገር፣ አንድ ጊዜ ሳትዞር ታጠፈች።